የጓሮ ተባይን ያለ መርዝ መከላከል፦ ከእንሰቱ ወደ ጎመኑ

መግቢያ

እንደሚታወቀው በጉራጌ ጓሮ ማለት በመጀመሪያ እንሰት ማለት ነው። በገጠሩ ቤቱ ከፊት ለፊቱ ሰፊውን ጀፎረ ይዞ ይቆማል፤ ከኋላው ደግሞ እንሰቱ፣ ጎመኑ፣ ጥቂት የቡና እግር፣ ጌሾና ጫት ይከተላሉ። ከተማውም ከዚህ ብዙ አልራቀም። ወልቂጤም ሆነ ቡታጅራ ትንሽ ግቢ ያለው ሰው ሁለት መደብ ጎመን፣ ጥቂት ቃሪያና ቲማቲም፣ ጥግ ላይ ደግሞ አምስት ስድስት እግር እንሰት ሲኖረው ማየት የተለመደ ነው። ይህ ጓሮ ለብዙ ቤት የወጥ ምንጭ ሲሆን የተረፈው ወደ ገበያ ይወጣል። መስቀል ሲደርስማ ክትፎው ያለ ጎመን አይቀርብምና የጎመን ነገር የሁሉም ቤት ጉዳይ ይሆናል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በእነዚህ ጓሮዎች የሚታዩትን ዋና ዋና ተባዮችና በሽታዎች ያለ ኬሚካል መርዝ እንዴት መከላከል እንደሚቻል ማሳየት ነው። ርዕሱ አዲስ አይደለም፤ የተቀናጀ ተባይ መከላከልን በክፍል ውስጥ ሁላችንም ተምረነዋል። ችግሩ ከክፍል ስንወጣ የሚጠብቀን ጥያቄ ሌላ መሆኑ ነው። የሰፈር ሰው "እናንተ የግብርና ተማሪዎች፣ ይሄን ጎመኔን የጨረሰውን ነገር ምን ልርጭበት?" ይላል። እኛም ብዙ ጊዜ የምንመልሰው በዚያው በጥያቄው አቅጣጫ ነው፤ ማላታዮኑን ተዉትና ነጭ ሽንኩርት ቀጥቅጣችሁ ርጩ እንላለን። መርጨቱ ግን አልቀረም፤ የተለወጠው ጠርሙሱ ብቻ ነው። በእኔ አመለካከት ተፈጥሯዊ መከላከል ማለት የተባዩን አኗኗር አውቆ መንገዱን ቀድሞ መዝጋት ነው፤ የሚረጭ ነገር የሚመጣው በመጨረሻ ነው። ይህን ደግሞ ከውጭ አገር መጽሐፍ መማር አያስፈልገንም፤ እንሰቱ እዚሁ ጓሮ ውስጥ እያስተማረን ነው። ወደዚያ ከመሄዳችን በፊት ግን መርዙ ለምን እንደማይሆን በአጭሩ እንመልከት።

ጎመን ላይ መርዝ ለምን አይሆንም?

"መርዝ መጥፎ ነው" ብቻ ብንል ማንም አይሰማንም፤ ሰው መርዝ የሚገዛው ስለሚሠራለት ነውና። ነገሩን በቀን ቆጥረን ብናየው ይሻላል። የተመዘገበ ፀረ ተባይ ሁሉ ከመጨረሻው ርጭት እስከ መልቀሚያው ድረስ ስንት ቀን መጠበቅ እንዳለበት በመለያ ወረቀቱ ላይ ተጽፎለታል። እንደ መርዙና እንደ ተክሉ ዓይነት ይህ ከጥቂት ቀናት እስከ ሁለት ሳምንትና ከዚያም በላይ ይሆናል። ስንዴ ላይ ይህ ብዙ አያስቸግርም፤ ስንዴ የሚታጨደው አንድ ጊዜ ነው። የጓሮ ጎመን ግን ዛሬ ከሥር ከሥሩ ሁለት ሦስት ቅጠል ይቀነጠሳል፣ ከሦስት ቀን በኋላ እንደገና ይቀነጠሳል፤ ወራቱን ሙሉ እንዲህ ነው። "ሁለት ሳምንት ጠብቂ" የሚለው መመሪያ ለእንዲህ ዓይነቱ ተክል የሚፈጸም አይደለም። እናትየው እስከዚያ ልጆቿን ምን ታብላ? ስለሆነም ጎመን ላይ የተረጨ መርዝ አብዛኛውን ጊዜ ጊዜውን ሳይጨርስ ድስት ይገባል።

ሁለተኛው ጉዳይ አገዛዙ ነው። የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 ከወጣ ዓመታት ተቆጥረዋል። ይሁን እንጂ በአገራችን ገበያዎች ከትልቁ ዕቃ ተቀንሶ፣ በለስላሳ ጠርሙስ ተሞልቶ፣ መለያ ወረቀት ሳይኖረው የሚሸጥ መርዝ ዛሬም አይጠፋም። ስሙን የማናውቀውን ነገር መጠኑን ከየት እናውቃለን? የለስላሳ ጠርሙስ ያየ ሕፃን ምን እንደሚያደርግ ደግሞ መናገር አያስፈልግም። በጫት ላይ በተደረጉ የቅሪት ምርመራዎችም ዲዲቲ ተገኝቷል፤ ዲዲቲ ወደ አገር የገባው ለወባ ትንኝ ነበር እንጂ ለሚታኘክ ቅጠል አልነበረም። ጫቱ ማሳና ጎመኑ መደብ ጎን ለጎን በሆኑበት ጓሮ የአንዱ ርጭት የሌላውም ነው።

እንሰት ምን ያስተምረናል?

እንሰት በአገራችን ወደ 20 ሚሊዮን ለሚጠጋ ሕዝብ ምግብ ነው ይባላል። ተክሉ ለመፋቅ እስኪደርስ እንደ ቦታው ከፍታ ከአራት እስከ ሰባት ዓመትና ከዚያ በላይ ይፈጃል። ስለዚህ አንድ እንሰት ሞተ ማለት የአንድ ወቅት ምርት ጠፋ ማለት ብቻ አይደለም፤ የብዙ ዓመት ድካም፣ የመጪው ዓመት ቆጮና ቡላ አብሮ ሄደ ማለት ነው።

የእንሰት ትልቁ ጠላት አጠውልግ የሚባለው የባክቴሪያ በሽታ ነው። መጀመሪያ የመሐሉ ቅጠል ይጠወልግና ቢጫ ይሆናል፣ ከዚያም ተሰብሮ ይንጠለጠላል። ግንዱ ሲቆረጥ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ቢጫማ ዝልግልግ ፈሳሽ ይወጣዋል፤ በሽታውን ከሌላ ጉዳት መለየት የሚቻለው በዚህ ነው። ባክቴሪያው ዛንቶሞናስ ከሚባለው ወገን ሲሆን በእንሰት ላይ በሳይንሳዊ ጽሑፍ የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ1968 በዳኛቸው ይርጉና በብራድበሪ ነው። ኋላም ሙዝ እንደሚያጠቃ ታወቀ፤ እ.ኤ.አ. በ2001 ኡጋንዳ ውስጥ በሙዝ ላይ ተገኝቶ በአካባቢው አገሮች ብዙ ማሳ አውድሟል። በእኛ አካባቢም በቸሃ፣ በእዣ፣ በጉመርና በሌሎችም ወረዳዎች የታወቀ ችግር ነው።

ለዚህ በሽታ የሚያድን ኬሚካል የለም። የሚረጭም የሚጠጣም አልተገኘለትም። ታዲያ ገበሬው ምን ያደርጋል? የታመመውን ከነሥሩ ነቅሎ ይቀብረዋል። በታመመው ላይ የዋለውን ቢላዋ በእሳት ይለበልበዋል ወይም በበረኪና ያጥበዋል፤ በሽታው ከተክል ወደ ተክል በዋናነት የሚሄደው በስለት ነውና። የታመመ ቅጠል ለከብት አይሰጥም። ፍልፈልና ጃርት ሥሩን ሲበሉ ቁስል ስለሚከፍቱና በሽታውን ስለሚያዛምቱ እነሱንም ይከላከላል። ችግኝ ከታመመ ጓሮ አይወስድም፤ በተነቀለው ቦታ ላይም ወዲያው እንሰት አይተክልም። ከዚህ ሌላ በሽታውን የሚቋቋሙ ዝርያዎች አሉ፤ ማዚያ የተባለው ዝርያ በምርምር ደጋግሞ የተሻለ ሆኖ ታይቷል። እንግዲህ ተመልከቱ፤ ይህ ሁሉ ከርጭት ውጭ የሆነ፣ በማወቅና በንጽሕና ላይ የቆመ መከላከል ነው። አስቸጋሪው ነገር ቢላዋው የአንድ ቤት ብቻ አለመሆኑ ነው። ለቅጠል ቆረጣም ሆነ ለፋቃ ሰዎች ሲረዳዱ መሣሪያው ከጓሮ ጓሮ ይዞራል፤ አንዱ ቤት አጥቦ ሌላው ካላጠበ የታጠበው ከንቱ ነው።

ሥሩ ላይ የሚኖረው ሚሊባግም ተመሳሳይ ነገር ያስተምራል። ይህ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር የለበሰ ትንሽ ነፍሳት ከመሬት በታች ሥሩንና አምቾውን እየመጠጠ ተክሉን ያቀጭጨዋል። ጉንዳኖች ከሚያወጣው ጣፋጭ ፈሳሽ ስለሚጠቀሙ ከቦታ ቦታ ያዛውሩታል፤ ረጅሙን ጉዞ የሚጓዘው ግን በሰው እጅ፣ በችግኝ ላይ ተቀምጦ ነው። የጉራጌ ገበሬ እንሰትን አንድ ጊዜ ተክሎ አይተወውም፤ እያሳደገ ደጋግሞ ያዛውረዋል። እያንዳንዱ ዝውውር ሥሩን ገልጦ ለማየት ጥሩ አጋጣሚ ነው። ነጭ ነገር የታየበትን ችግኝ መጣል ያንጀት ነገር ቢሆንም ከማዛመቱ ይሻላል።

ታዲያ የሚገርመው ለእንሰቱ ቢላዋ የሚለበልበው ያው ቤት ለጎመኑ ጠርሙስ መፈለጉ ነው። ለእንሰቱ አማራጭ ስለሌለው ተጠነቀቀ፤ ለጎመኑ አማራጭ ያለ ስለመሰለው መርዝ ገዛ። ከዚህ በታች ያለው ይህንኑ የእንሰት ጥንቃቄ ወደ ጎመኑና ወደ በርበሬው ለማምጣት የሚደረግ ሙከራ ነው።

ክሽክሽ

የጎመን ክሽክሽ ግራጫማ፣ አመድ የተነሰነሰበት የሚመስል፣ በቅጠሉ ጀርባና በለጋው ቡቃያ ላይ ተጠቅጥቆ የሚቀመጥ ነፍሳት ነው። ሰው "ትናንት አልነበረም፣ ዛሬ ከየት መጣ?" የሚለው ያለ ምክንያት አይደለም። ሴቷ ያለ ወንድ ትወልዳለች፤ እንቁላል በመጣል ፈንታም ሕያው ልጅ ትወልዳለች። ልጇም በሞቃት ቀናት በሳምንት ወይም በአሥር ቀን ውስጥ ደርሳ መውለድ ትጀምራለች። ስለዚህ ወሳኙ ጊዜ ቅጠሉ የተሸፈነበት ሳምንት ሳይሆን ከዚያ በፊት ያለው፣ አንድ ሁለት ክሽክሽ ብቻ የሚታይበት ሳምንት ነው። በሳምንት ሁለት ቀን ቅጠል ሲቀነጠስ ገልበጥ አድርጎ ጀርባውን ማየት ምንም ተጨማሪ ድካም የለውም። ያኔ የተገኘውን በጣት ጨፍልቆ መጣል በቂ ነው፤ ኋላ ግን ጣት አይበቃም።

ክረምት ላይ ክሽክሽ ለምን እንደሚቀንስ አስተውላችኋል? ኃይለኛ ዝናብ ከቅጠሉ ላይ አጥቦ ይጥለዋል፤ የወደቀው ብዙው ተመልሶ አይወጣም። በበጋ ይህን የዝናብ ሥራ በእጅ መሥራት ይቻላል። ቅጠሉን ከሥር በአንድ እጅ ደግፎ፣ በሌላው ውሃ በኃይል መርጨት ወይም በጆግ ማጠብ፣ ይህንንም በየሁለት ሦስት ቀኑ መድገም ነው። ውሃው ባይባክን ይመረጣል፤ ለማጠጣት የተቀዳው ውሃ መጀመሪያ ቅጠሉን አጥቦ ወደ ሥሩ ይወርዳል።

ውሃው ካልበቃ ሳሙና ይጨመራል። ክሽክሹ የለበሰው ሰም ነገር ውሃን ያንሸራትታል፤ ሳሙና ግን ይህን ሰም ሰብሮ ገላውን ያደርቀዋል። ለ1 ሊትር ውሃ ከ5 እስከ 10 ግራም የተፋቀ ደረቅ የልብስ ሳሙና፣ ማለትም አንድ ወይም ሁለት የሻይ ማንኪያ፣ ይበቃል። የዱቄት ሳሙና ቅጠል ስለሚያቃጥል አይመከርም። መጀመሪያ ሁለት ሦስት ቅጠል ላይ ሞክሮ አንድ ቀን መጠበቅ፣ ከዚያም ፀሐይ ሲበርድ መርጨት ያስፈልጋል። ሳሙና የሚገድለው የነካውን ብቻ ነው፤ ከደረቀ በኋላ አቅም የለውም። ላይ ላዩን ረጭቶ "አልሠራም" የሚል ሰው የክሽክሹን ቤት አልነካም ማለት ነው፤ ቤቱ ከቅጠሉ ጀርባ ነው።

ከመርጨት በፊት ግን ማን ማን እንዳለ ማየት ይገባል። ከክሽክሹ መሐል ያበጡ፣ ቡናማ፣ የማይንቀሳቀሱ ከታዩ ጥቃቅን ጥገኛ ተርቦች እንቁላላቸውን ጥለውባቸው የሞቱ ናቸው፤ ከእያንዳንዱ ውስጥ ሌላ ተርብ ይወጣል። ቀይ፣ ጥቁር ነጠብጣብ ያላትን ትንሽ ጢንዚዛ ሁሉም ያውቃታል፤ በቀን በርካታ ክሽክሽ ትበላለች። ልጇን የሚያውቃት ግን ጥቂት ሰው ነው። እሷ ጥቁር፣ ረዘም ያለች፣ እንደ ትንሽ አዞ የምትሳብ ስለሆነች ሰው ትል ነች ብሎ ይገድላታል፤ ክሽክሽ በመብላት ደግሞ ከእናቷ አታንስም። መርዝ ሲረጭ እነዚህ ሁሉ አብረው ያልቃሉ። ክሽክሽ ቶሎ ይራባል፣ ጠላቶቹ ግን ዘግይተው ነው የሚመለሱት፤ ከርጭት በኋላ ከሦስት ሳምንት ገደማ ክሽክሹ ከበፊቱ በርትቶ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ዩሪያ ሲበዛ ቅጠሉ ይለሰልሳል፣ ፈሳሹም ለክሽክሽ የሚስማማ ይሆናል። የበሰበሰ የከብት ፍግ ምግቡን ቀስ እያለ ነው የሚሰጠው። እንሰቱ ጋ የሚሄደው ፍግ ጥቂቱ ወደ ጎመኑ ቢዞር አይጎዳም።

የጥቅል ጎመን ትል

ጥቅል ጎመን የሚተክሉ ሰዎች የሚያማርሩት ቅጠሉን ቀዳድቶ ስስ ሽፋኑን ብቻ እንደ መስተዋት የሚያስቀረውን ትንሽ አረንጓዴ ትል ነው። ሲነኩት እየተወራጨ በቀጭን ክር ይንጠለጠላል። ይህ ትል መርዝን በመልመድ በዓለም የታወቀ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1953 በኢንዶኔዥያዋ ጃቫ ደሴት ዲዲቲን መቋቋሙ ተመዝግቧል፤ ከዚያ ወዲህም ብዙ ዓይነት መርዝ ለምዷል። ስለዚህ መጠን ጨምሮ መርጨት ትሉን ማሠልጠን ነው ማለት ይቻላል። በአንጻሩ ኬንያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2002 የዚህ ትል ጠላት የሆነ ጥገኛ ተርብ ተለቆ ጥሩ ውጤት ተገኝቶበታል። ተመሳሳይ ተርቦች በአገራችንም ይገኛሉ፤ የሚፈልጉት አለመመረዝና ጥቂት አበባ ነው። ድንብላል ወይም እንስላል አብቦ ሲታይ ከመንቀል መተው ለተርቦቹ ምግብ ይሆናል። ትሉን በእጅ መልቀም፣ ምርቱ ካለቀ በኋላ ጉቶውን ቆሞ አለመተው፣ በአንድ መደብ ላይ ጎመንን በጎመን አለመተካት ቀሪው ሥራ ነው።

በእጅ መልቀም ሲባል ብዙ ተማሪ ይስቃል። የአሜሪካ መጤ ተምች እ.ኤ.አ. በ2017 አገራችን ሲገባ ግን በብዙ ቦታ ገበሬው ከነቤተሰቡ ወጥቶ በቆሎውን እግር በእግር እየፈተሸ ነበር የለቀመው። ሰፊ ማሳ ላይ የተሠራ ነገር ሁለት መደብ ላይ አያቅትም።

የቡታጅራ በርበሬ

ወደ ቡታጅራ ስንሻገር ጉዳዩ በርበሬ ይሆናል። የመስቃንና የማረቆ በርበሬ ስሙ የታወቀ ነው፤ ማረቆ ፋና የተባለው ዝርያም ስሙን የያዘው ከዚሁ አካባቢ ነው። በርበሬ ላይ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ይመጣሉ፤ ሰው ግን ለሦስቱም አንድ መርዝ ይፈልጋል።

አንደኛው ድንገት መጠውለግ ነው። ይህ በአፈር ውስጥ ከሚኖሩ ሻጋታ መሰል ተሕዋስያን የሚመጣ ሲሆን ውሃ የተኛበትን መሬት ይወዳል። ስለሆነም በርበሬን ከፍ ባለ መደብ ላይ መትከል፣ የውሃ መውረጃ ማበጀት፣ በርበሬ በነበረበት ቦታ ላይ ለሁለት ሦስት ዓመት በቆሎ ወይም ጤፍ መዝራት ዋናው መድኃኒት ነው። ቲማቲም፣ ድንችና ቃሪያ የበርበሬ ዘመዶች ስለሆኑ በነሱ መተካት ማፈራረቅ አይባልም። ጠባብ ጓሮ ያለው ሰው ቢያንስ ከጎመንና ከነጭ ሽንኩርት ጋር ቦታ ሊያለዋውጠው ይችላል።

ሁለተኛው ቅጠሉ የሚጨማደድበትና የሚዥጎረጎርበት የቫይረስ በሽታ ነው። ቫይረስን የሚገድል ፀረ ተባይ የለም። ቫይረሱን የሚያመጣውን ክሽክሽ ልግደል ቢባልም ብዙ አያዋጣም፤ በራሪው ክሽክሽ ቅጠሉን ለመቅመስ አፉን ባስገባባቸው ጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ቫይረሱን ስለሚያስተላልፍ መርዙ ሳይገድለው ሥራውን ጨርሷል። ይልቅስ በርበሬው ከመተከሉ ሁለት ሦስት ሳምንት ቀድሞ ዙሪያውን ሁለት ሦስት መስመር በቆሎ መዝራት ጥሩ ዘዴ ነው። በራሪው ክሽክሽ መጀመሪያ በቆሎው ላይ ያርፋል፣ እዚያ ሲቀምስ አፉ ላይ የያዘውን ቫይረስ ያራግፋል፣ በርበሬው ጋ ሲደርስ ንጹሕ ነው። በቆሎውም እሸት ይሆናል። የችግኝ መደቡን በስስ ጨርቅ ወይም በመረብ መሸፈንም ይረዳል፤ በለጋነቱ የታመመ በርበሬ ነው ምንም የማይሰጠው።

ሦስተኛው ፍሬውን የሚበሳው ጓይ ትል ነው። ይህ ፍሬ ውስጥ ከገባ በኋላ ምንም አይደርስበትም። የተበሳውን ፍሬ ለቅሞ ማጥፋት፣ ካልደረሰው ጋር ተክሉ ላይ አለማቆየት ይመረጣል።

"ተፈጥሯዊ" ሲባል

አንዳንድ የተባዙ ጽሑፎች ላይ ኒም ርጩ የሚል ምክር አይጠፋም። ኒም ጥሩ ነው፤ ግን የቆላ ዛፍ ነው። ከድሬዳዋ ለመጣ ተማሪ ደጁ ላይ ያለ ነገር ለቡታጅራ ሰው ተገዝቶ የሚመጣ ነው። እኛ ጋ የሚበቅለው ብርብራ ነው። የብርብራ ፍሬ ሮተኖን የሚባል ነፍሳት ገዳይ ንጥረ ነገር ስላለው ዓሣ አጥማጆች ወንዝ ውስጥ ነስንሰው ዓሣ ያደነዝዙበታል። እንዶድም እንዲሁ ነው። ዶ/ር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ልብስ በእንዶድ በሚታጠብበት ወንዝ ዳር ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው ነው የቢልሃርዚያን ቀንድ አውጣ ማጥፊያ ያገኙት፤ እንዶድ ለዓሣም መርዝ ነው። እንግዲህ "ከዕፅዋት የተሠራ ስለሆነ አይጎዳም" የሚለው አባባል መታረም አለበት። የተረጨበት ዕቃ ምንጭ ውስጥ መታጠብ የለበትም።

ከሁሉ የከፋው የትምባሆ ውሃ ነው። ኒኮቲን በቆዳ በኩል ሳይቀር የሚገባ ኃይለኛ መርዝ ነው። በዚያ ላይ ትምባሆ የሚያዥጎረጉር ቫይረስ ስለሚይዝ በርበሬና ቲማቲም ላይ መርጨት በሽታ መዝራት ሊሆን ይችላል። አመድ በአንጻሩ ቀላልና ጠቃሚ ነው፤ አዲስ በተተከለ ችግኝ ዙሪያ ሲነሰነስ ቆራጭ ትልን ያግዳል፤ ዝናብ ከጣለበት ግን እንደገና መነስነስ ይፈልጋል።

ለመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ለምትፈልጉ

ከላይ የተገለጸው የማጠብና የሳሙና ዘዴ በእኛ አካባቢ ጓሮ ምን ያህል እንደሚያዋጣ በቀላል ወጪ መፈተን ይቻላል። ሦስት ዓይነት አያያዝ ይኑር፦ ምንም ያልተደረገበት፣ በየሦስት ቀኑ በውሃ የታጠበ፣ በሳምንት አንዴ ሳሙና የተረጨበት። እያንዳንዱ አራት ጊዜ ቢደገም 12 መደብ ይሆናል፤ በየመደቡ 10 እግር ጎመን ይበቃል። ከኅዳር ጀምሮ ለስድስት ሳምንት፣ በሳምንት አንድ ቀን፣ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ከየመደቡ የመሐል አምስት እግር ከላይ፣ ከመሐልና ከታች አንዳንድ ቅጠል ገልብጦ መቁጠር ነው። ሕያው ክሽክሽ፣ ያበጡት ቡናማዎችና ጢንዚዛዎቹ ለየብቻ ይቆጠሩ። የተቀነጠሰው ቅጠልም ይመዘን። ሌላው ብዙ ጊዜ የሚረሳው ነገር ለእያንዳንዱ መደብ የፈጀው ደቂቃና የውሃው ሊትር ነው፤ እነዚህንም በዚያው ሰንጠረዥ ላይ አስገቡ፤ ጎመኑን የምታጥበው እናት መጀመሪያ የምትጠይቀው እሱን ነውና።